ለወሊዩ የተሠራ ግንብ

እያሳሳቀ ይወስዳል ውኃ ያለ ሰው የኛን ሰፈር ውኃ አላየውም። የኛው ሳቅ የሚባል ነገር አያውቅም። ዛሬ ግድግዳህን ይልሳል፣ ነገ መሠረትህን ይዞ ይሄዳል። እኔ ዙሌካ፣ ቹምቪኒ መስጊድ ማዕዘን ላይ ድንች በሊጥ እየነከርኩ የምጠብሰው፣ ልጅ ሳለሁ ከቤታችን ተነስቼ ባሕሩ ጋ እስክደርስ እግሬ ይዝል ነበር። አሁን መጥበሻዬን ሳጥብ እጣቢው ባሕር ውስጥ ነው የሚወድቀው።

ታዲያ አውራጃው ዝም አላለም፤ ሰሌዳ ተከለ። «የቹምቪኒ ባሕር ዳርቻ ልማት» የሚል፣ አገረ ገዥው ጥርሱን ገልጦ የሚስቅበት ትልቅ ሰሌዳ። ባሕሩ ወሰደው። ሌላ አምጥተው ትንሽ ወደ ውስጥ ፈቀቅ አድርገው ተከሉ። እሱንም ወሰደው። የሚቀጥለውን ያቆሙት ከጎረቤቴ ከማያሳ ማድቤት አጠገብ ነው። በሰፈራችን ሲንቀሳቀስ ያየነው ልማት ያ ሰሌዳ ብቻ ነው፤ እሱም የሚሄደው ወደ ኋላ ነው።

ግንብ ሥሩልን እያልን ስንት አገረ ገዥ አስረጅተናል። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፣ ድንጋይ የለም።

የማያሳ ቤት መጀመሪያው ረድፍ ላይ፣ ፊቱን ለባሕሩ ሰጥቶ ነው የቆመው። አያቶቿ ያስቀረጹት፣ አበባና ዓሣ የተፈለፈለበት ወፍራም የእንጨት በር አለው። ኮምቦ የሚባል ባል ነበራት። አላህ ይማረውና፣ ከሶላት ይልቅ የኮኮነት ጠጅ የሚቀናው ሰው ነበር። ጁምዓ ቀን ሰው መስጊድ ሲገባ እሱ ጀልባው ሥር ተጋድሞ ይዘፍናል። ድምፁ ግን፣ ምን አስዋሸኝ፣ ሸጋ ነበር። የደቡቡ ነፋስ በበረታበት ወራት ተው እየተባለ ወጣ፤ እሱም ጀልባውም ቀሩ። ሬሳ የለ፣ ቀብር የለ። ማያሳ ከዚያ ወዲህ ያንን በር ቆልፋው አታውቅም።

«በሕይወትም ይምጣ በድን ሆኖ፣ የሚያውቀው ይሄን በር ነው» ትላለች።

እብድ አይደለችም። እንደማይመጣ ከኔ በላይ ታውቃለች። ግን በሩ እዚያው ሆኖ፣ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ትፈልጋለች። ሌላ ከዚህ ዓለም የምትፈልገው ነገር የላትም።

አንድ ቀን የአውራጃው የልማት ኃላፊ፣ ምካላ የሚባለው፣ የሚያብረቀርቅ ጫማውን አሸዋ ውስጥ እየጎተተ መጣና ትምህርት ቤቱ ግቢ ሰበሰበን። አንድ የመስታወት ሣጥን ይዟል። ውስጡ በትንሹ የተሠራ የኛው ሰፈር ነው አሉ፤ እኛ ብቻ የለንበትም። ባሕሩ ሰማያዊ ቀለም ነው፣ ንቅንቅ አይልም። እንዲህ ዓይነት ባሕር ቢሰጡንማ ግንብም ባልጠየቅን። ዳርቻው ላይ ድንጋይ የተነጠፈበት መመላለሻ፣ መብራት፣ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ ደግሞ ጣት የማያክሉ ነጫጭ ሰዎች ተቀምጠዋል።

ማያሳ መስታወቱን በጣቷ ነካ አደረገችና «እኔ የቱ ጋ ነኝ?» አለች።

«እርስዎ እዚህ ጋ ነዎት እናቴ።»

«ይሄ እኮ ሣር ነው።»

«አረንጓዴ ስፍራ ነው የሚባለው።»

«ወንበሩ ላይ ያሉትስ?»

«እንግዶች ናቸው። ሆቴሉ ሲሠራ የሚመጡ።»

«እነሱን ባሕሩ አይወስዳቸውም?»

ምካላ ፈገግ አለ። «እናቴ፣ ቦታው አደገኛ ነው ያልነው ለመኖሪያ ነው። ለመዝናኛ መች አልን?»

ሰው ሳቀ። ማያሳ አልሳቀችም፣ እኔም አልሳቅኩም።

የመጀመሪያው ረድፍ ሰዎች ተነሱ ተብለው አንድ በአንድ ዕቃቸውን ጭነው ወደ ጨው ሜዳው ሄዱ። ምትክ ቦታ የተባለው እሱ ነው፤ ሰው ቀርቶ አይጥ የማይሰፍርበት። ቀረች ማያሳ፣ ከአንዲት ዶሮዋ ጋር። ዶዘሩ ቅዳሜ እንደሚመጣ ተነገራት። ሐሙስ ዕለት ሄጄ ሳያት ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ባሕሩን ታያለች፣ ፊቷ ተለውጧል። ልቤ ተቃጠለ።

«ማያሳ፣ እነዚህ ሰዎች ሕያው አይፈሩም» አልኳት። «የሚፈሩት ሙት ነው።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ዋናው መንገድ ላይ ያለውን ጉብጠት ረሳሽው? ለምን ጎበጠ?»

አልረሳችውም። ማንም አልረሳውም። መንገዱ ሲሠራ አንድ የዶዘር ሹፌር የወሊይ፣ የቅዱስ ሰው፣ ቀብር ነክቶ ክንዱ እንደ ዱባ አበጠ ይባላል። ከዚያ በኋላ መንገዱ ቀብሩን ዞሮ አለፈ። በኛ አገር ለመንገድ ቤት ይፈርሳል፣ ገበያ ይፈርሳል፤ ወሊይ የተቀበረበትን አፈር ግን ማን ደፍሮ።

«ታዲያ ወሊይ ከየት ላምጣ?» አለች።

«እንቀብራለና።»

በማግስቱ ጁምዓ ነው። ወንዱ ሁሉ መስጊድ ሲገባ እኔና ማያሳ ከበሩ ፊት ለፊት አካፋ ይዘን ጉድጓድ ቆፈርን። ልንደፍነው ስንል «ባዶውንማ አይሆንም» ብላ ወደ ቤት ገባች። ስትመለስ የኮምቦን ጀለቢያና ጥልፍ ኮፍያውን ይዛለች። ጀለቢያውን ሰውየው ለሠርጉና ለአንድ ዒድ ነው የለበሰው። ኮፍያው ላይ የጠጅ እድፍ አለ።

«ማያሳ፣ ይሄ ሰውዬ ወሊይ ይሁን?»

«በሕይወቱ ያልሠራውን አሁን ይሥራ» አለች።

እጅጌውን አጥፋ፣ ኮፍያውን ከላይ አድርጋ፣ ልጅ እንደምታስተኛ ቀስ ብላ አስቀመጠችው። ያኔ አለቀሰች። ባሏ ከጠፋ ጀምሮ ስታለቅስ ያየኋት ያን ቀን ነው። እኔም አለቀስኩ፤ ለማታለል የቆፈርነው ጉድጓድ ለቅሶ ቤት ሆነብን። ከዚያ እንባችንን ጠረግንና ደፈንነው። የባሕር ድንጋይ ደረደርንበት፣ ኖራ ቀባነው፣ ነጭና አረንጓዴ ባንዲራ ተከልንበት፣ ጽጌረዳ ውኃ ረጨንበት። ስሙንም ሼህ ባሃሪ አልነው።

ወንዶቹ ከመስጊድ ሲወጡ ኢማሙ ሼህ ባዲ ከፊት ነበሩ። ቀብሩን ሲያዩ ቆሙ፣ የተከተላቸውም ሰው ሁሉ ቆመ።

«ይሄ… ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉ።

«አሸዋው ሲሸሽ ነው የተገለጠው ሼኻችን» አልኩ። «ሼህ ባሃሪ ናቸው። መቼም እንደ እርስዎ ያለ አዋቂ ሳያውቃቸው አይቀርም።»

ሼህ ባዲ ጎንበስ ብለው ድንጋዩን ዳሰሱት። ኖራው ገና አልደረቀም፤ ጣታቸው ላይ ቀረ። ጣታቸውን አዩት። ሰውን አዩት። ከዚያ ጣታቸውን በጀለቢያቸው ጠረጉና «አያቴ ያነሷቸው ነበር» ብለው ፋቲሓ ቀሩ።

ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁመው። ፀሐይ ሳትጠልቅ የአንዱ አያት እዚያ ቀብር ላይ ተስላ መንታ ወልዳ ነበር፣ የሌላው አጎት ከማዕበል ተርፎ ነበር። አለማወቅ እንደ ነውር በሚቆጠርበት ሰፈር ውሸት እግር አያስፈልገውም፤ ሰው ተሸክሞ ይዞራል።

ቅዳሜ ዶዘሩ መጣ። ሹፌሩ ባንዲራውን ሲያይ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ዱዓ አደረገ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ ተመልሶ ወጥቶ ወደ ኋላ ነዳው። ወደ ኋላ ሲሄድም የአገረ ገዥውን ሰሌዳ ከነሳቁ ደፈጠጠው። ማያሳ በሯ ላይ ሆና እስክትታጠፍ ሳቀች። እኔ ያን ቀን ድንቹን በነጻ አበላሁ፤ ምክንያቱን ግን ለማንም አልተናገርኩም።

ቀብሩ እየገነነ ሄደ። ከሩቅ ከተማ ሳይቀር በመኪና እየመጡ ዚያራ ያደርጉ ጀመር። አውራጃው ደግሞ ሰው የሚሰበሰብበትን ነገር ማሽተት ያውቅበታል። ምካላ የመስታወት ሣጥኑን እንደገና ይዞ መጣ፤ ሣሩ መሐል አሁን ነጭ ጉልላት ተቀምጧል። ከሳምንታት በኋላ የጭነት መኪናዎች ድንጋይ እያራገፉ መጡ። ድንጋይ የለም ሲሉን የኖሩት ሰዎች ናቸው። ለሕያዋን የጠፋው ድንጋይ ለኮምቦ ኮፍያ ተገኘ። ግንቡ ቀብሩን ከባሕሩ እየከለለ፣ የማያሳንም ቤት አብሮ እየከለለ አደገ።

«ኮምቦ በመጨረሻ ቤት ሠራልኝ» ትል ነበር ማያሳ፣ ግንበኞቹን ውኃ እያጠጣች።

የፈሩት ይደርሳል ነውና፣ ግንቡ ባለቀ ሰሞን ምካላ ሼህ ባዲን አስከትሎ ደጃፏ ላይ ቆመ። ሰውም ተሰበሰበ።

«እናቴ፣ ቤቱ ለሼኹ በጣም ቀረበ» አላት። «ጭሱ አለ፣ የሚሰጣው ልብስ አለ፣ የዶሮው ኩስ አለ። ቦታው ክብር ይፈልጋል። ደግሞም አንዲት ሴት ብቻዋን ወሊይ አጠገብ ስታድር ደስ አይልም።»

«ምኑ ያስነውራል?» አለች ማያሳ። «ባሌ ነው።»

ከዚያ ሁሉንም ነገረቻቸው። አካፋውን፣ ኖራውን፣ ጀለቢያውን። «ቆፍራችሁ እዩት» አለች። «ኮፍያው ላይ የጠጅ እድፍ አለ። ኮምቦን የምታውቁት ታውቁታላችሁ።»

ዕድሜዬን ሙሉ ከዚህ ሰፈር ሰው ጋር ኖሬ እንደዚያ ቀን አላፈርኩበትም። ልጄ ዳነልኝ የምትል አንዲት ሴት እያለቀሰች ማያሳን ረገመቻት። ሼህ ባዲ ራሳቸውን ነቀነቁና «አስተግፊሩላህ። ኀዘን አእምሮዋን ነክቷታል» አሉ።

«ሼኻችን፣ ኖራው እኮ ጣትዎ ላይ ነበር» አልኩ። «እኔም ነኝ የቆፈርኩት።»

«ዙሌካ፣ አንቺ ድንችሽን ጥበሺ።»

ምካላን ጎተት አድርጌ ወደ ጎን ወሰድኩት። እውነት እንደሆነ ማልኩለት። ሞኝ አይደለም፤ ገብቶታል።

«ዙሌካ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ግንቡ ተሠርቷል። አገረ ገዥው ሊመርቁት ቀን ቆርጠዋል። ወሊዩ ኮፍያ ነው ብዬ ልንገራቸው?»

ያው ሹፌር ያንኑ ዶዘር ይዞ መጣ። ወረደ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ዱዓ አደረገ፣ ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታ የጠየቀው ሼኹን ነው። ከዚያ ጫማውን አጥልቆ የማያሳን ቤት አፈረሰ። በሩን ግን አልነኩትም። ምካላ ቀረጻውን ሲያይ «ይሄማ ቅርስ ነው» ብሎ አስነቀለውና ለቀብሩ አጥር መግቢያ አደረገው፤ ፊቱን እንደ ድሮው ለባሕሩ ሰጥቶ።

ምርቃቱ ዕለት አገረ ገዥው በዚያ በር ገብቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በኮምቦ ኮፍያ ላይ ጽጌረዳ ውኃ ረጨ። ኮምቦ ቢያይ በሳቅ ይሞት ነበር፤ ያውም ለሁለተኛ ጊዜ።

ባሕሩ ደግሞ ግንቡን አይወድም። እዚያ ሲመቱት ዞሮ እኔ ጋ መጣ፤ አሁን የሚልሰው የመስጊዱን ማዕዘን ነው። ባለፈው ሳምንት አዲስ ሰሌዳ ከመጥበሻዬ አጠገብ ተክለዋል። እኔ ምን ልቅበር? የኔ ባል በሕይወት አለ፣ ያውም አምስት ወቅት ይሰግዳል፤ ለምንም አይሆን።

ማያሳ ጁምዓ ጁምዓ ከጨው ሜዳው በሚኒባስ ትመጣለች። ጫማዋን አውልቃ ከምእመናኑ ጋር ተሰልፋ ትገባለች፣ ቀብሩ አጠገብ ትቀመጣለች፣ ከኮምቦ ጋር የምታወራውን አላህ ይወቀው። ባለፈው ጁምዓ አብሬያት ነበርኩ። ሰው ሁሉ ሲወጣ ዘበኛው ቁልፍ ይዞ መጣ። አዲስ ነው፣ ከሌላ አገር የመጣ።

«እናቴ፣ ልዘጋ ነው።»

«አትቆልፈው ልጄ» አለችው።

«እንዴት አልቆልፈውም? ሼኹ ውስጥ ናቸው።»

«ሼኹ ይሁኑ» አለች ማያሳ። «የቤቱ ባለቤት ውጭ ነው ያለው።»

ልጁ እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ ግራ ገባው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ክንዷን ይዞ ደረጃውን አወረዳት። ከዚያ ተመልሶ በሩን ቆለፈው።