የማያቀብለው ትእዛዝ

እትዬ ላውንደሪ ስትከፍት የቀጠረችኝ ወንድሟ ስለሆንኩ እንጂ ለደንበኛ ስለምመች አይደለም። ሰው ሲገባ ከመስቀያዎቹ ጀርባ እሸሸጋለሁ። ልብስ የሚተኩስልን ጋሼ «አቶ ዝም» የሚል ስም አውጥቶልኛል።

ከኮምፒውተር ጋር ግን እንግባባለን። ኮድ መጻፍ የተማርኩት በእትዬ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ዘንድሮ ትንንሽ ትእዛዞችን እንደ ሰንሰለት የሚያያይዝ፣ ላይብረሪ የሚሉትን የኮድ ስብስብ ጻፍኩ። አንዱ ትእዛዝ ሥራውን ይጨርስና የልብሱን መረጃ ለቀጣዩ ያቀብላል፤ ያም ለቀጣዩ። ተቀበል፣ እጠብ፣ ተኩስ፣ ንገር። የመጨረሻው «ንገር» ለባለቤቱ ስልክ «ልብስዎ ደርሷል» የሚል መልእክት ይልካል። እትዬ ቀኑን ሙሉ ከመደወል ታርፋለች፤ እኔም «እስቲ ደውል» ከመባል እድናለሁ።

«በሆቴሉ እንሞክረው» አለች እትዬ። ሆቴሉ ትልቁ ደንበኛችን ነው፤ እሱ ከሄደ ቤቱ ይዘጋል።

ቅዳሜ የአስተናጋጆቹ ነጫጭ ኮቶች መጡ። ማታ ግብዣ ነበራቸው። እኔ አጠብኩ፣ ጋሼ ተኮሰ፣ እኔ ሰቀልኩ። ረፋድ ላይ አለቀ። በኮምፒውተሩ «ተተኩሷል» የሚለውን ነካሁና ወደ ማጠቢያው ተመለስኩ።

አመሻሹ ላይ የአስተናጋጆቹ ኃላፊ በሩን በርግዶ ገባ።

«እመቤቴ፣ ሰው በካናቴራ ግብዣ ያስተናግዳል?»

«ምነው? ምን ሆኑ?»

«ሲያልቅ መልእክት ይደርስዎታል ብላችሁኝ የለ? ስልኬ ላይ አፍጥጬ ዋልኩ!»

እትዬ ወደ መስቀያዎቹ ዞረች። ኮቶቹ ተደርድረው ተሰቅለዋል። ሰውየው እነሱን አየ፤ ከኋላቸው እኔን አየ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የተሰቀሉት?» አለ።

እኔ ይበልጥ ወደ ኋላ ተሸሸግኩ። ጋሼ ካውያውን አቁሞ «ከጠዋት» አለ።

«ማክሰኞ ሌሎቹን አመጣለሁ። ያኔም እንዲህ ከሆነ ደኅና ሰንብቱ።» ኮቶቹን ታቅፎ ወጣ።

እትዬ አልጮኸችብኝም። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። «በል አሳየኝ፤ የት ጋ ነው የቆመው?»

ሰንሰለቱን መስመር በመስመር ተከተልን። «እጠብ» አቀብሏል። «ተኩስ» ሥራውን በደንብ ሠርቷል፤ ያለቀውን ግን ለቀጣዩ አልሰጠም። መረጃውን የሚመልሰውን መስመር ረስቼዋለሁ። ስለዚህ «ንገር» ባዶ እጁን ቆሞ ቀረ፤ ለማን እንደሚናገር አያውቅም። ሲሳሳት እንዳይረብሸን ብዬ ማስጠንቀቂያውን የዘጋሁትም እኔው ነኝ።

ጋሼ በትከሻችን ላይ አጮልቆ አየና ሳቀ። «ይሄማ ቁርጥ አንተን! ሠርቶ፣ ሰቅሎ፣ ዝም።»

«ተወው እንጂ ጋሼ» አለች እትዬ፤ እሷንም ግን ሳቅ አመለጣት። እኔም ሳቅኩ። የጎደለውን መስመር ጨመርኩ፤ ማስጠንቀቂያውንም ከፈትኩ።

ማክሰኞ የመጨረሻውን ኮት ሰቅዬ «ተተኩሷል» የሚለውን ነካሁ። «መልእክቱ ተልኳል» የሚል ጽሑፍ መጣ። ወደ ማጠቢያው መንገድ ጀምሬ ተመለስኩ። ስልኩን አንስቼ ለኃላፊው ደወልኩ።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?»

«ከ... ከላውንደሪው ነኝ። ኮቶቹ ደርሰዋል።»

«መልእክቱ ደርሶኛል እኮ።»

«አውቃለሁ። እንዲያው... እንዳይቀር ብዬ ነው።»

«ያ ከመስቀያው ጀርባ የነበርከው ልጅ ነህ?»

«አዎ።»

«እሺ የኔ ወንድም፣ መጣሁ። ለእሑዱም የጠረጴዛ ልብስ ይዤ እመጣለሁ።»

ስልኩን ስዘጋ እትዬ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራለች። ጋሼ ካውያውን ልብስ ላይ እንዳሳረፈ አፉን ከፍቶ ያየኛል።

«ጋሼ» አልኩት፣ «ሸሚዙ ተቃጠለ።»