በስጦታ የመጣው አውራ በግ

ከጂንካ በላይ ባለው ደጋ ጸጉራሞቹን በጎች ያልሸጠ ወይም ከቆላ በግ ጋር ያላዳቀለ ሰው ሚልክያስ ብቻ ነበር። ሠላሳ ስምንት ቀርተውታል። ግጦሹን በአጥር ከፍሎ በየሳምንቱ እያፈራረቀ ያሰማራቸዋል። ጸጉራቸውን በዓመት ሁለቴ ይሸልታል፤ ሚስቱ ሙሉሽ ፈትላ ጂንካ ላለችው ስጋጃ ሠሪ ለፈቲያ ታስረክባለች። ከዩኒቨርሲቲው እየመጣች በጎቹን የምትመዘግበው የእንስሳት ሐኪም ወሰንየለሽ፣ «ጋሼ ሚልክያስ፣ ሌላ በግ እንዳይቀላቀልባቸው፤ አደራ!» ብላው ነበር።

የሙሉሽ ወንድም ጎሳዬ ግን ከቆላው ከቱርሚ ገበያ አንድ አውራ በግ ለእህቱ እየጎተተ መጣ። የአማች ስጦታ እንዴት ይመለሳል? ሚልክያስ «እግዜር ይስጥልን» አለና በረት አስገባው። ለጊዜው ነው ብሎ ራሱን ሸነገለ።

በስድስተኛው ቀን እንግዳውን በግ ሳል ያዘው። በማግስቱ ከአፍንጫው መግል ወረደ። አንዷ በግ ባነጠሰች ቁጥር ሚልክያስ ወደ በረቱ ይሮጣል።

«ለወሰንየለሽ ደውልላት» አለችው ሙሉሽ።

«ምን ብዬ? አደራሽን በላሁ ብዬ?»

«ታዲያ ዝም ብለን አንድ በአንድ እንቅበራቸው?»

ደወለ። ምንም ሳይደብቅ ነገራት። ወሰንየለሽ ማድረግ ያለበትን ቶሎ ቶሎ ነገረችው።

«የታመመውን ለብቻው ይለዩት። ደህናዎቹን ወደ ላይኛው ግጦሽ ያውጧቸው። መጣሁ።»

ከሰዓት በሞተር ብስክሌት ደረሰች። የእንግዳውን በግ አፍ ከፍታ አየች፤ ድዱ ቆስሏል። «ደስታ መሰል የሚሉት የበግና የፍየል ተላላፊ በሽታ ነው» አለች። ስሙ ደስታ፣ ሥራው ለቅሶ። ደህና የመሰሉትን ሁሉ ከተበች።

«ይተርፋሉ?» አላት።

«ክትባቱ በሽታውን ከቀደመው። እሱን ደግሞ እኔም አላውቅም።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ሚልክያስ ከላይኛው ግጦሽ አልወረደም። ማለዳ ማለዳ የእያንዳንዷን አፍንጫ በእጁ እየዳበሰ ይዞራል። የጎሳዬ በግ ሞተ። ከራሱ ከሚልክያስም በጎች አምስት ሞቱ፤ ሁለቱ እርጉዞች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ሳሉ ቆመ።

ጎሳዬ ወሬውን ሰምቶ ሲመጣ ሚልክያስ በር ላይ ተቀበለው።

«ጎሳዬ፣ ስጦታህን ንቄ አይደለም። ከእንግዲህ ግን በግ አታምጣልን።»

ጎሳዬ የቀረበለትን ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ፊቱን አዙሮ ሄደ። እስከ ዛሬም አልተመለሰም።

ሙሉሽ አለቀሰች። የመሸለቻው ቀን ሲደርስ ግን ሠላሳ ሦስቱንም በጎች እየያዘች አንድ በአንድ ለባሏ አቀበለችው።