ሦስት ክንድ በር

ጋራዡ ተሠርቶ አለቀ፤ መኪናዋ ግን አልገባም አለች።

አቶ ዘውገ ሸማ ተራ ስማቸው የታወቀ ነጋዴ ናቸው። ቤታቸው ሰባተኛ ሰፈር ነው፤ በምሰሶ ላይ የቆመ ፎቅ፣ ከሥሩ ዙሪያው የተከፈተ ባዶ ቦታ። አዲሷን ፊያት እዚያ ማሳደር በጀመሩ በሳምንቱ ስፖኪዮዋ ጠፋ። ምናለሽ ተራ ሄደው የገዛ ስፖኪዮአቸውን ተከራክረው ገዙ። እንደገና ሲጠፋ ግን፣ “በታኅሣሥ ግርግር ጃንሆይን ያልፈራ እኔን ይፈራል?” አሉና ዙሪያውን በብሎኬት ሊዘጉት ቆረጡ።

ግንበኛው ረዲ ሜትሩን ሲያወጣ ከለከሉት፤ ሜትር አያምኑም። የመኪናዋን ወርድ በክንዳቸው ለኩ፤ “ሦስት ክንድ፣ ትንሽ ትርፍም አለው” አሉና ጤናዬን ጠሯት። “ነይ፣ ለበሩ ሦስት ክንድ ለክተሽ ምልክት አድርጊለት።”

ጤናዬ ሱቃቸው የምትሠራ ልጅ ናት። የተቀጠረችው በክንዷ ነው። ከሸማኔ ሲገዛ የሚለኩት አቶ ዘውገ ናቸው፤ ቁመታቸው ረጅም ነው፣ ክንዳቸውም እንደዚያው። ለደንበኛ ሲሸጥ የምትለካው ጤናዬ ናት፤ እሷ ድንክ ልትባል ምንም አልቀራት። የሚገባው በሳቸው፣ የሚወጣው በሷ። ልማድ ነውና የበሩም ዕለት ሳያስቡት ጠሯት። በሩ እንደሚጠብ ታይቷታል። ግን በዚያ ቤት ስለ ክንድ መበላለጥ ማንሳት ነውር ነበር።

አሁን ፊያቷ ደጅ ቆማለች። ጋራዡ ውስጥ አቶ ዘውገ ረዲ ላይ ይጮኻሉ። ጎረቤታቸውና የቆዩ ደንበኛቸው እትዬ ወርቅዬም እንኳን ደስ አለዎት ሊሉ መጥተው ጠቡን ያዳምጣሉ።

“ታፈርሳታለህ! አፍርሰህ በነፃ ትገነባታለህ!”

“እኔ ምን አጠፋሁ ጌታዬ? ልጅቷ ምልክት ያረገችበት ላይ ነው የገነባሁት።”

አቶ ዘውገ ወደ ጤናዬ ዞሩ። ድምፃቸው ድንገት ለሰለሰ። “ቆጠራ ተሳስተሽ ነው አይደል የኔ ልጅ? ሰው ነሽ፣ ምን ይደረግ። ተሳስቻለሁ በይና ወደ ሥራሽ ሂጂ።”

ጤናዬ አሰበች። ተሳስቻለሁ ካለች ሥራዋን አታጣም፤ ግን እሳቸው ያባረሯት ቀን፣ ሦስት መቁጠር ያቃታትን ልጅ ሸማ ተራ ማን ይቀጥራታል? እውነቱን ካለች ደግሞ የምትባረረው ዛሬውኑ ነው።

“ሦስት ነው የለካሁት፣ ጋሼ።”

“ታዲያ ለምን አልገባችም?” አሉ እትዬ ወርቅዬ፣ ከልባቸው ግራ ገብቷቸው። “ክንድ ክንድ ነው። ወይስ መኪናዋ ወፈረች?”

ረዲ ሳቁን መዋጥ አቃተው።

ጤናዬ አቶ ዘውገ አጠገብ ቆማ ክንዷን ዘረጋች። “እርስዎም ይዘርጉ፣ ጋሼ።”

አቶ ዘውገ ሌባ የመጣበት ይመስል እጃቸውን ካፖርታቸው ውስጥ ከተቱ።

እትዬ ወርቅዬ የተዘረጋውን አዩ፤ የተደበቀውንም አዩ። “ለልጄ ሠርግ የገዛሁት ሸማ” አሉ፣ “ልብስ ሰፊው ‘ጨርቁ አነሰ’ ቢለኝ ሌባ ብዬ ሰድቤ አባረርኩት። ማን ነበር የለካልኝ?”

“እኔ ነኝ፣ እትዬ።”

“በዚህ ክንድ?”

“ሌላ የለኝም።”

“አንቺ!” አሉ አቶ ዘውገ። “ከነገ ጀምሮ ሱቄ ድርሽ እንዳትዪ!”

“ከዛሬ ይሁን፣ ጋሼ።”

እትዬ ወርቅዬ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። “እሷን ተዋትና እጅህን አውጣ፣ ዘውገ!” እስከዚያች ሰዓት አንቱ ነበር የሚሏቸው። ረዲ ብሎኬት ስቦ ተቀመጠ፤ የሚሄድበት ሥራ የለውም።

ጤናዬ በጠባቡ በር ሳትቸገር ወጣች። የብረቱን መዝጊያ ከኋላዋ ገፋችው፤ ቀዳዳ እንኳ ሳይተው ግጥም አለ።