ከበሩ ግርጌ ያለው አምፖል

ከመኪና ስትወርዱ እግራችሁ የሚያርፍበትን መሬት ለመጨረሻ ጊዜ ያያችሁት መቼ ነው? አትድከሙ፤ መልሱን አውቀዋለሁ። አላያችሁም። በሩን ትከፍታላችሁ፣ እግራችሁን ትሰዳላችሁ፣ መሬቱም ባለበት ይጠብቃችኋል። እናቴም እንዲሁ አደረገች። መሬቱ ግን አልጠበቃትም።

ነገሩ የሆነው አክስቴ በር ላይ ነው። አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት፤ የአልጋ ቁራኛ ከሆነች ቆይታለች። እናቴ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከእኔ ጋር ሄዳ ሳታያት አትቀርም ነበር። ያን ዕለት ስንደርስ መሽቶ ነበር። ጠያቂ ዘመድ በር ላይ ቆሞ ይሰነባበታል። እናቴ እንደ ወትሮዋ ከአጠገቤ ካለው ወንበር ዞር ብላ በሩን ከፈተችና እግሯን ሰደደች። በመኪናውና በእግረኛው መንገድ መካከል ያለው ቦይ ክዳኑ ተነሥቶ ኖሯል። እግሯ እዚያ ውስጥ ገባ፤ በእጇ ልትደገፍ ስትል አንጓዋ ተሰበረ።

አጥንቱስ ተጠገነ። ያልተጠገነው ሌላ ነው። እናቴ ገና ከመሬት ሳትነሣ ከጠያቂዎቹ ጋር ቆማ የነበረችው ታላቅ እህቴ ዘመድ ሁሉ እየሰማ፣ «ዓይኗ ፈዟል፣ ፈዟል ስል ከርሜ የለ!» ብላ ጮኸች። ዘመድም ከንፈሩን መጠጠ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እናቴ ዓይኗ የፈዘዘ ሴት ሆነች። መኪና ውስጥ አልገባም አለች። ውላ አድራ የቤቱንም ደረጃ ብቻዋን አልወርድም አለች። የዓይን ሐኪም ዘንድ በስንት ልመና፣ በእግሯ፣ እኔን ተደግፋ ሄደች። ሐኪሙ ዓይንሽ ለዕድሜሽ ደህና ነው አላት።

«የወደቅኩት እኔ ነኝ ወይስ ሐኪሙ?» አለችኝ ስንወጣ። «ሲያዩት ያስታውቃል፤ ልጅ ነው፣ ሊያስደስተኝ ፈልጎ ነው። ልጄ፣ እኔ እኮ በፊት በሩን ስከፍት መሬቱ ይታየኝ ነበር። እንዲያውም ይበራልኝ ነበር። አሁን ጨለማ ነው።»

እህቴ ይህን ስትሰማ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «ሰማህ? መሬቱ ይበራልኝ ነበር አለች። በል አሁንም መኪና መኪና በል።»

አክስቴ ደግሞ በስልክ፣ «እህቴ ቀረችብኝ፤ ምን አስቀየምኳት?» ትላለች። አንዷ ከአልጋ አትወርድም፣ ሌላዋ ከቤት አትወጣም። ሳይተያዩ ሊቀሩ ነው። ይህን ቁጭ ብዬ የምመለከት ሰው አይደለሁም። ለእናቴ፣ «መሬቱን ባበራልሽስ?» አልኳት። አሰበችበት። «እግሬ የሚያርፍበት ከታየኝ እሄዳለሁ፤ ካልታየኝ ግን እንዳትጎተጉተኝ» አለች። ይኸው ነው። የሚያስፈልገኝ በሩ ሲከፈት የሚበራ፣ ሲዘጋ የሚጠፋ፣ መሬት የሚያሳይ መብራት ነው። ማቀዝቀዣችሁ ውስጥ ያለው ዓይነት መብራት። ከዚህ በላይ ምን ቀላል ነገር አለ?

እንግዲህ ስሙኝ።

መኪናዬን የሚያውቃት የመኪና ኤሌክትሪሺያን ሰፈሩ «ፊውዝ» የሚለው ሰው ነው። ጋራዡ ጠባብ ግቢ ነው፤ ግድግዳው በሙሉ በቀለም በቀለሙ በተንጠለጠሉ የመብራት ገመዶች ተሸፍኗል። ሰውዬው ፈጣን ነው፤ አፉም እጁም። የምፈልገውን ነገርኩት። በግማሽ ጆሮው ሰማኝና ከግድግዳው አንዱን ጥቅልል አወረደ።

«ጋሼ፣ ይሄን ነው የማስርልህ። አሥራ ስድስት ዓይነት ቀለም፣ ከነሪሞቱ። ሙዚቃ ስትከፍት አብሮ ይጨፍራል።»

«ማን ሊጨፍር? የምፈልገው እናቴ ስትወርድ መሬት እንዲታያት ነው።»

«ይታያታል! መሬቱ ራሱ ያያታል!»

ተራውን የሚጠብቅ አንድ የታክሲ ሹፌር አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ በሳቅ ሊወድቅ ደረሰ። ፊውዝ ሥራውን ሲጨርስ ሽቦውን በጥቁር ናስትሮ ጠቀለለና የናስትሮውን ጫፍ አጥፎ ትንሽ ጆሮ አወጣለት። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው ደረቱን ነፋ። «ነገ መፍታት ብትፈልግ በጥፍርህ አትታገልም፤ ጆሮውን ይዘህ መሳብ ነው። እንደዚህ የሚያስር ሌላ ሰው ካገኘህ ሙያዬን እተዋለሁ። የእኔን ሥራ በጆሮው ነው የምትለየው።»

ወደ ቤት ስነዳ መኪናው ውስጥ ሐምራዊ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ ሲፈራረቅ፣ መስታወቱ ላይ ሲያንጸባርቅ፣ ፊት ለፊት ያለውን መንገድ ማየት እስኪያቅተኝ ድረስ ታገሥኩ። በራችን ላይ ደርሼ ሞተሩን አጠፋሁ፤ መብራቱም አብሮ ጠፋ። በሩን ከፈትኩ፤ ጨለማ። ዘጋሁት፤ ጨለማ። ሞተሩን አስነሣሁት፤ ጭፈራው ቀጠለ። ሰውዬው መብራቱን ከሞተሩ ቁልፍ ጋር አገናኝቶት ኖሯል። ማንም በማይወርድበት ሰዓት ይበራል፤ ሰው ሊወርድ ሲል ድርግም ይላል። ይህን ነገር አስቦ ለማበላሸት ቢቀመጡ እንኳ እንዲህ አይሳካም።

እህቴ በመስኮት ታየኝ ነበር። «ሠርግ አለብህ እንዴ?» አለችኝ።

ተመለስኩ። ፊውዝን፣ «በሩ ሲከፈት ነው ያልኩህ!» አልኩት፤ አነጋገሬ ለስላሳ ነበር ብዬ አልዋሽም።

«ጋሼ፣ ግን ማን በር ከፍቶ ይቀመጣል?»

ይህን ጥያቄ አስተውሉልኝ። ለዚህ ሰው መብራት መታያ እንጂ ማያ አይደለም። ከውጭ የሚያይህ ጎረምሳ አለ፣ ከውስጥ የምትታይ አንተ አለህ፤ በሁለታችሁ መካከል እግሯን የምታሳርፍ አሮጊት የለችም። እሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩ። በየጋራዡ በምርቃት የሚሰቀለው መብራት ሁሉ እንዲህ ነው።

ያም ሆነ ይህ የበሩ ጠርዝ ላይ የራሱን ትንሽ ማብሪያ ለጥፎ መብራቱን ከበሩ ጋር አገናኘው። አሁን በሩ ሲከፈት ይበራል። ደስ አለኝ፤ ቶሎ ደስ ይለኛል፣ ይህ ጉድለቴ ነው። ሲመሽ እናቴን ደረጃውን አስወርጄ፣ መኪናዋን አጥሩ ጥግ አቁሜ፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳት። በሩን ከፈትኩላት። ዳሽቦርዱ ሥር የተለጠፈው መብራት ቦግ አለ።

እናቴ ቁልቁል አየች። «ጉልበቴ ይታየኛል» አለች።

«መሬቱስ?»

«ጉልበቴን አውቀዋለሁ ልጄ። ከተወለድኩ ጀምሮ አብሮኝ ነው። መሬቱን ነው ያላየሁት።»

አሥራ ስድስት ቀለም ጉልበት! እግሯን ወደ ውስጥ መለሰች፤ እጇን ሰጠችኝ፤ ተሸክሜያት ነው ማለት ይቻላል ያወረድኳት። እህቴ በረንዳው ላይ ሆና ራሷን ነቀነቀች። ብትናገር ይሻለኝ ነበር።

ለሦስተኛ ጊዜ ፊውዝ ግቢ ስገባ የታክሲ ሹፌሩ፣ «መጣልህ፤ ዛሬስ ያነድሃል» ሲለው ሰማሁ። እኔም አላሳፈርኩትም። ዳሽቦርዱ ሥር ያለውን መብራት በገዛ እጄ ቦጭቄ ጠረጴዛው ላይ ጣልኩለት። «ስማ! አምፖሉን እዚህ፣ በሩ ግርጌ፣ ወደ መሬት አዙረህ ትተክልልኛለህ። ጌጥ አልፈልግም። ሪሞት አልፈልግም። ነጭ መብራት፣ መሬት ላይ!»

«እሱ እኮ የበሩን ሽፋን ማውለቅ ይጠይቃል።»

«አውልቀዋ!»

አንገራገረ። ክሊፑ ይሰበራል አለ፤ አሮጌ መኪና ነው አለ፤ ነገ ይሁን አለ። ያን ጊዜ ስንፍና መሰለኝ። ቆሜ ጠበቅኩት። በመጨረሻ ካቻቢቴውን አንሥቶ የእናቴን በር ሽፋን ፈልቅቆ አነሣው።

ከበሩ ግርጌ አንዲት ትንሽ መስታወት አለች። ይህችን መኪና ከገዛኋት ጀምሮ ከኋላ ለሚመጣ ሰው የምታብረቀርቅ ምልክት ናት እያልኩ የማልፋት መስታወት። በእኔም በር ላይ አለች፤ አምፖሏ ተቃጥሎ ነው መሰል፣ በርታ ግን አታውቅም። አሁን ከውስጥ በኩል አየኋት። ከጀርባዋ አምፖል አለ። ፋብሪካው የተከለው፣ በሩ ሲከፈት እንዲበራ፣ ወደ መሬት የዞረ አምፖል። ከአምፖሉ ሽቦ ወጥቷል። ሽቦው መንገድ ላይ ተቆርጧል። የተቆረጠው ጫፍ በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሏል።

ናስትሮው ጆሮ አለው።

 የታክሲ ሹፌሩ ከጎማው ተነሥቶ መጣና አንገቱን አስግጎ አየ። «ፊውዜ፣ ይሄ ያንተው አይደል እንዴ?»

ፊውዝ ካቻቢቴውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ሊሆን ይችላል።»

«ሊሆን ይችላል?» አልኩት። «እንደዚህ የሚያስር ሌላ ሰው ካገኘህ ሙያዬን እተዋለሁ ያልከው አንተ አይደለህም?»

«ጋሼ፣ ባለፈው ባትሪ እየጨረሰ አስቸገረኝ ብለህ አምጥተሃት አልነበር? የዚህ በር ማብሪያ ተጣብቆ ነበር፤ በሩ ቢዘጋም አምፖሉ አይጠፋም፤ ሲበራ ያድራል። ባትሪውን የሚበላው እሱ ነው። መብላቱን አቆምኩልህ። ከዚያ ወዲህ ባትሪው አስቸግሮሃል?»

«ማብሪያውን አትቀይረውም ነበር?»

«ፈልጎ ማግኘቱ፣ ፈቶ መግጠሙ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሽቦ መቁረጥ ግን...» በሁለት ጣቱ የመቀስ ምልክት አሳየኝ። «ሁሉም የሚያደርገው ነው።»

«ታዲያ አትነግረኝም? ‘በእናትህ በኩል ያለውን መብራት ቆርጬዋለሁ’ ለማለት ምን ያህል ትንፋሽ ይፈጃል? እናቴ ወደቀች እኮ! አጥንቷ ተሰበረ!»

«እኔ ገፋኋት?»

ይህን አለኝ። በግልጽ፣ ዓይኔን እያየ። እንዳልመታው የያዘኝ ትምህርቴ ነው ብል ውሸት ነው፤ የያዘኝ የታክሲ ሹፌሩ ነው፣ በሁለት እጁ።

ነገሩ ሲበርድ ፊውዝ የተጣበቀውን ማብሪያ ቀየረ፣ ሽቦውን ቀጠለ፣ የእኔንም ጨምሮ በሁለቱ በሮች ግርጌ አዲስ ነጭ አምፖል አስገባ። ሙያውን አልክድበትም፤ ሲፈልግ ይሠራል። ያን ሁሉ ጊዜ የሚጨፍር መብራት ሲለጣጥፍልኝ የነበረው በገዛ እጁ የገደለው አምፖል አናት ላይ መሆኑን ግን ያውቅ ነበር? ወይስ የቆረጠው ሽቦ ስለበዛ የቱን የት እንደቆረጠ ረስቶታል? የትኛው እንደሚብስ እናንተ ፍረዱ።

በዚያው ምሽት እናቴን አስወርጄ ወንበሯ ላይ አስቀመጥኳት። እህቴም ተከትላ ወጣች፤ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ቆመች። ጨልሟል። እናቴ በሩን ራሷ ገፋችው።

መሬቱ በራ። የአጥሩ ሥር ጠጠር፣ የደረቀ ቅጠል፣ የጠፋ የጠርሙስ ቆርኪ ሳይቀር አንድ በአንድ ታየ። እናቴ ለረጅም ጊዜ ቁልቁል ስታይ ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ እኔን ሳይሆን እህቴን አየቻት።

«መሬቱ ይበራልኝ ነበር አላልኳችሁም?»

እህቴ እጇን ከደረቷ ላይ አወረደች። «እማዬ፣ እኔ መቼ...»

«አንቺማ ዘመድ ፊት ተናግረሻል። ሁሉም ሰምቶሻል።» ወደ እኔ ዞረች። «ማነው ያጠፋብኝ?»

ነገርኳት። ባትሪውን፣ ማብሪያውን፣ መቀሱን፣ የናስትሮውን ጆሮ፣ ሁሉንም።  እግሯን ብርሃኑ ላይ አሳረፈች፣ ማንንም ሳትይዝ ወረደች፣ ቆመች። እኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ፣ «እንግዲህ ቅዳሜ አክስቴ ዘንድ እንሄዳለን» አልኩ።

«አንሄድም» አለች።

«እማዬ፣ መሬቱ ይኸው...»

«አየሁት። እግሬማ አሁን የትም ይሄዳል። ግን እዚያ በር ላይ ስወርድ ‘ምስኪን፣ ዓይኗ የፈዘዘው’ እየተባልኩ ልወርድ ነው? እኔ መብራት አለ ብል ማን ያምነኛል? አንተስ ብትል፤ ‘ልጇ ነው፣ ያደርግላታል’ ይላሉ። የወደቅኩት እህቴ በር ላይ ነው። ስሜ የጠፋው እዚያው ነው። የቆረጠው ሰው መጥቶ እዚያው ይናገር። ያን ጊዜ እወርዳለሁ።» በሩን ዘጋችው። መሬቱ ጠፋ። ደረጃውን ብቻዋን ወጣች።

በማግሥቱ ፊውዝ ዘንድ ሄጄ በሰላም፣ እደግመዋለሁ፣ በሰላም ለመንኩት። ሥራ ይዣለሁ አለ። በስልክ ይቅርታ ልበላት አለ። አንድ የመብራት ጥቅልል በነፃ ልስጥህ አለ። በመጨረሻም፣ «ጋሼ፣ ለአንዷ መጥቼ ብናገር፣ ሽቦ የቆረጥኩበት ሰው ሁሉ ና ሊለኝ ነው» አለ። ከአፉ የወጣ የመጀመሪያው ቀጥተኛ ነገር ይህ ነው።

እንግዲያው ፊውዝ፣ ስማኝ። በለሆሳስ አልጠይቅህም፤ ግቢህ በር ላይ ባለጉዳይ ሁሉ የሚያነበው ቦታ ላይ ይህን ለጥፌዋለሁ፤ የታክሲ ሹፌሩም እያነበበላቸው ነው። ቅዳሜ ሲመሽ መኪናዬን አክስቴ በር ላይ፣ ያው ቦይ ጋ አቆማለሁ። እናቴ ወንበሯ ላይ ናት፤ በሩ ዝግ ነው። አክስቴ እንድትሰማ የአልጋዋን መስኮት እንከፍታለን። ዘመድ ይኖራል፤ እህቴ ትኖራለች። መጥተህ በሩን በገዛ እጅህ ክፈትላትና ሁሉም እየሰማ መልስ፤ የዚህችን ሴት መብራት ማን ቆረጠው? ቆርጦስ ለምን ዝም አለ?