የሻለቃ ጠጉር

ደክሞኛል። ሰው ሲጠይቀኝ ግን ደህና ነኝ እላለሁ፤ ጠላት ደስ አይበለው።

ያረጀሁት ከነዚህ ፍየሎች ጋር ነው። ከአንገታቸው እስከ ጉልበታቸው ጠጉር የሚወርድላቸው ዘር ናቸው፤ ድሮ ሰፈሩን ሞልተውት ነበር፣ ዛሬ የቀሩት እኔ ጋ ብቻ ነው። ወንዱ አንድ ነው፤ አረማመዱን አይቼ ሻለቃ እለዋለሁ። እሱ ከሄደ ዘሩ አለቀ። ልጄ ግን ጉልበቴን እያየ "በቃሽ፣ ይሸጥ" ማለት ከጀመረ ቆየ። በመጨረሻ ተስማማን፦ ዘር የሚመዘግበው ባለሙያ መጥቶ፣ ፎቶ አንስቶ ከመዘገበው ይቀራል፤ ካልሆነ ነጋዴው ይወስደዋል።

ባለሙያው የሚመጣ ዕለት ምራቴ ቀድማኝ ተነሳች። እንግዳ ሲመጣ ማጠብና ማሳመር ነው የምታውቀው። በረት ብገባ ሻለቃ ጠጉሩ እስከ ቆዳው ተሸልቶ፣ የተላጠ ድንች መስሎ ቆሟል።

"ለፎቶ እንዲያምር ብዬ ነው እማዬ፤ አሮጌ ምንጣፍ ይመስል ነበር እኮ" አለች፣ መቀሱን እንደያዘች።

"አሳመርሽው። አሁን ሙሽራ ፈልጊለት።"

ባለሙያው ሜትሮውን አውጥቶ ቁመቱን ለካ፣ ጆሮውን ለካ፤ አንገቱ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ።

"እማማ፣ ጠጉሩስ?"

"ጆንያ ውስጥ አለ። ልስፋልህ?"

ሳቀ። ምራቴ አልሳቀችም። ዘሩ የሚለየው በጠጉሩ ስለሆነ እንዲህ ሆኖ አልመዘግበውም አለ። "ሲያድግለት ተመልሼ ፎቶ አነሳዋለሁ። እስከዚያ መቀስ እንዳይነካው።"

"ምን ያህል ይቆያል?" አለ ልጄ።

"ዓመት ይጠጋል።"

ልጄ ነጋዴው ጋ ሊደውል ስልኩን አወጣ። እኔ በረቱ ደፍ ላይ ተቀመጥኩ። ገና ዓመት ሙሉ ውሃ መሸከም፣ ጎንበስ ቀና ማለት። ይሽጠው ልል ስል ምራቴ ስልኩን ከእጁ ወሰደችበት።

"የሸለትኩት እኔ ነኝ፤ የማበላውም እኔ ነኝ።"

"ሽታው ያስመልሰኛል ስትዪ አልነበር?"

"አፍንጫዬን እይዛለሁ።"

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የባልዲ ኳኳታ ሰማሁ፤ ከዚያ ማስነጠስ፣ ከዚያ ለሻለቃ የተሰነዘረ ስድብ። ስድቡ የኔው ነው፣ አንድ ቃል አልጎደለውም። ልነሳ ብዬ ብርድ ልብሱን ገለጥኩ። መልሼ ተከናነብኩ።