የአስፋው ኮሮላ አልኮል ስትለምድ

መኪናዋ መርሳ የገባችው አይሱዙ ላይ ተጭና ነው። አብዱልሐሊም ከጋራዡ ደጃፍ ቁጢጥ ብሎ የባጃጅ ጎማ ሲፈታ ሸራው ተገለጠና ቀና አለ። ቀይ ቀለሟ ገርጥቷል፤ የግራ መብራቷ የለም፤ በሯ ላይ ግን እሱ ራሱ በብሩሽ የጻፈው ሰባት ቁጥር አሁንም ይነበባል። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ አላያትም ነበር። ጉልበቱን ይዞ ተነሳና እጁን እንኳ ሳይጠርግ ሄዶ ኮፈኗን ዳሰሰ።

ከጋቢናው መነጽር ያደረገች ወጣት ወርዳ ዝቅ ብላ ሰላም አለችው።

«ሜሮን ነኝ፣ ጋሽ አብዱልሐሊም። የአስፋው ልጅ።»

«ሳትነግሪኝ አውቄሻለሁ። አረማመድሽ የሱ ነው።»

አስፋው ካረፈ ሦስት ዓመት አልፎታል። በሞተ ሰሞን መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር አብዱልሐሊም ለቀብሩ አልደረሰም። ከወር በኋላ ወልድያ ሄዶ ከአስፋው ሚስት ከበላይነሽ ጋር ግማሽ ቀን ተቀመጠ። መኪናዋ ጓሮ ውስጥ ተሸፍና እንደቆመች ቢያውቅም፣ ልያት አላለም።

ሜሮን ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ስለ ሞተር ታስተምራለች። የመጣችበትን ጉዳይ ሻይ እንኳ ሳይቀርብላት ነገረችው። ቤንዚን በጠፋ ቁጥር ከተማው ሁሉ ጀሪካን ይዞ ይሰለፋል፤ እሷ ደግሞ ለተማሪዎቿ ሌላ ነገር ማሳየት ትፈልጋለች።

«ቤንዚን ሲገኝ ቤንዚን፣ አልኮል ሲገኝ አልኮል፣ ሲደባለቅም ድብልቁን እንድትጠጣ ነው የምፈልገው። ፍሌክስ ይሉታል። ግን ጉልበቷ እንዲቀንስ አልሻም። አባቴ እንደሚነዳት ሆና ትነሳልኝ።»

«አልኮል አልሽ?»

«ከስኳር ፋብሪካ የሚወጣው። ሁለት ጀሪካን ይዣለሁ።»

አብዱልሐሊም መኪናዋ በር ድረስ ሄደ። ጎረቤቱ ሙሄዲን መጥቶ መኪናዋን እያገላበጠ ሲያይ፣ አይሱዙው ሲሄድ፣ ሚስቱ ሁሪያ ልጅቷን ወደ ቤት ስታስገባ፣ እሱ ሰባት ቁጥሩ ፊት እንደቆመ ነበር።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ አስፋው የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር። ያቺን ባለ ሁለት በር ኮሮላ ተጋጭታ ወድቃ ያገኛትና መርሳ ድረስ አስጎትቶ ያመጣታል። አብዱልሐሊም ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ እጁ ሞተር የነካ እንደሆነ ሞተሩ የሚታዘዝለት ይመስለዋል። ለመኪና ውድድር ሊያደርሷት ስምንት ወር ለፉባት። የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ አስላጩላት፤ ድምፅ የሚያፍነውን ማርሚታዋን አወለቁ፤ የኋላ ወንበሯን ብቻ በላይነሽ አትነካም ስላለች ተዉት። ከፈጅር ሶላት በኋላ አስፋው መሪውን፣ አብዱልሐሊም ጆሮውን ይዘው ወደ ወልድያ ይነዷታል። መንገዱ ላይ ያሉት የሲሪንቃ ሰዎች ድምፁን ገና ከሩቁ ሲሰሙ ከብቶቻቸውን ከአስፋልቱ ያወርዱ ነበር። ሽማግሌዎቹ ይራገማሉ፣ ወጣቶቹ ዳገቱ ላይ ቆመው እጃቸውን ያውለበልባሉ።

አንድ ችግር ግን አልለቅ አላቸው። ቴስታታው ተላጭቶ እምቅታው ስለበዛ፣ ቤንዚኑ ዳገት ላይ ያለ ሰዓቱ እየነደደ ሞተሩ ውስጥ ያንኳኳል። አስፋው ከአሰብ መርከበኞች አንድ ወሬ ይዞ መጣ። የውጭ ተወዳዳሪዎች አልኮል ይጠቀማሉ፤ አልኮል ሞተሩን ያቀዘቅዛል፣ ኳኳታውንም ያጠፋል።

አብዱልሐሊም ያኔ የመለሰለትን ቃል በቃል ያስታውሳል። «እኔ ሙስሊም ነኝ። አልኮል ጋራዤ አይገባም።»

አስፋው አልተከራከረም። «ይቅርታ ወንድሜ፣ አላሰብኩትም» አለና መኪናዋን ይዞ አዲስ አበባ ሄደ። እዚያ አንድ መካኒክ የነዳጁን ቀዳዳ ሳያሰፋ አልኮሉን ዝም ብሎ ሞላላት። ውድድሩ ገና ሳይጋመስ ፒስተኗ ተበሳ። አስፋው ከዚያ ወዲያ አልተወዳደረም። አንድም ቀን አልወቀሰውም፤ ሰርግም ልቅሶም ላይ ሲገናኙ እንደ ድሮው ይተቃቀፉ ነበር። የመኪናዋን ወሬ ግን ሁለቱም አያነሷትም።

ምሳ ከተበላ በኋላ ሁሪያ ወደ ጓዳ ስትገባ አብዱልሐሊም ለልጅቷ ነገራት።

«አባትሽን ዋሽቼዋለሁ። ሃይማኖቴ ነው አልኩት። ነዳጅና መጠጥ እንደሚለያዩ አጥቼው አይደለም፤ ሼህ ኡበይደላንም ብጠይቃቸው አትጠጣው እንጂ ሥራበት ይሉኝ ነበር፤ ኋላም ጠይቄያቸው እንደዚያው ብለውኛል። ነገሩ አላውቅበትም ነበር። አላውቅም ማለት አፈርኩና ሃይማኖቴን መሸሸጊያ አደረግኩት። አላውቅም ብዬው ቢሆን ኖሮ አብረን ቀስ ብለን እንሞክረው ነበር።»

ሜሮን ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«አሁንስ ያውቁበታል?» አለችው።

«አሁንም አላውቅበትም። አንቺ አታውቂም?»

«ግማሹን አውቃለሁ። ወረቀት ላይ ያለውን።»

«እንግዲያው የቀረውን እንፈልገዋለን።»

በማግሥቱ ጀመሩ። አሮጌውን ካርቡሬተር አውርደው በምትኩ ነዳጁን ለክተው የሚረጩ ኢንጀክተሮችና የሚያዛቸውን ኮምፒውተር ገጠሙ። አልኮል ተራ ጎማ ስለሚበላ የነዳጅ ቱቦዎቹን በሙሉ ለወጡ፤ ዝገት የጠጣውን ታንክ አውርደው አጠቡ። ሜሮን ቱቦው ላይ ከአውራ ጣት የማይበልጥ መሣሪያ አሰረች።

«ይኼ በሚያልፈው ነዳጅ ውስጥ ስንት እጅ አልኮል እንዳለ ይለካል። አልኮል ሲበዛ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ይጨምራል፤ ካንዴላው እሳት የሚተኩስበትንም ጊዜ ያስቀድማል። አልኮል ሲያንስ መልሶ ያዘገየዋል።»

«ስንት ነው የሚጨምረው?»

«ሲሶ ያህል።»

አብዱልሐሊም አንገቱን ነቀነቀ። ያኔ የተበሳችው ፒስተን ያጣችው ይህን ሲሶ እንደነበር ገባው።

ጋራዡ ለአምስት ቀን አልኮል አልኮል ሸተተ። ለሥራ የመጣ ሁሉ አፍንጫውን ይይዛል። ሙሄዲን «ሐጂ የመባያህ ጊዜ ሲደርስ ጀመርከው?» እያለ ይቀልዳል። ሁሪያ ደግሞ የሥራ ልብሱን ቤት እንዳያስገባ ከለከለችው፤ ማታ ማታ አጥሩ ላይ እየሰቀለ ይገባል።

መጀመሪያ በቤንዚን ብቻ ነዷት፤ ሄደች። በስድስተኛው ቀን ሁለቱን ነዳጅ እኩል ቀላቅለው ቁልፉን ቢያዞሩት አልነሳ አለች። ሜሮን ላፕቶፗ ላይ ያሉትን ቁጥሮች አገላበጠች። አብዱልሐሊም ካንዴላ ፈትቶ አየና አሸተተው።

«ደረቅ ነው። ሞተሩ እስኪሞቅ ብቻ ጨምሪላት። ብርድ ላይ አልኮል ቶሎ አይያዝም መሰለኝ።»

ጨመረችላት። ኮሮላዋ ሁለቴ አስነጠሰችና ተነሳች። አብዱልሐሊም ድምፁን ሲሰማ ወደ ግድግዳው ዞሮ መፍቻ የሚፈልግ መሰለ።

ከዚያ ወደ ወልድያ ወጡ። ሜሮን ትነዳለች፤ ላፕቶፑ የአብዱልሐሊም ጉልበት ላይ ነው። ማሽላው ደርሷል፤ የሲሪንቃ ሜዳ ግራና ቀኙ ቀልቷል። መንገድ ዳር የቆሙት ልጆች መኪናዋን አያውቋትም፤ ዝም ብለው ያያሉ። አንድ ሽማግሌ ግን አህያቸውን እየነዱ ሳለ ድምፁን ሲሰሙ ቆሙና ዘወር ሳይሉ ከአስፋልቱ ወረዱ።

ዳገቱ ላይ ሜሮን ሦስተኛ ማርሽ አስገብታ ነዳጁን ጫነች። መኪናዋ ተስፈነጠረች።

«ተይው» አለ አብዱልሐሊም።

«ምን ሆነ? ቁጥሩ እኮ ደህና ነው።»

«ቁጥሩን ተይው። ነዳጁን ልቀቂ። ያንኳኳል።»

ዳር ይዛ አቆመች። እሷ ምንም አልሰማችም፤ እሱ ግን ያንን ድምፅ፣ በቆርቆሮ ላይ እንደሚረግፍ ጠጠር ያለውን፣ በእንቅልፉም አይስተውም።

«የምትተኩሰው ቀድማ ነው። እስቲ ሁለት ዲግሪ መልሺው።»

«ሁሉም ቦታ?»

«አይ። ዳገት ላይ፣ በሦስተኛ፣ ሙሉ ሲረገጥ ብቻ። ሌላው ላይ ጥሩ ናት።»

ሜሮን ላፕቶፑን ተቀብላ ሠንጠረዡ ውስጥ አራት ሳጥኖች መርጣ ቁጥሩን ቀነሰች። ወደ ኋላ ተመልሰው ያንኑ ዳገት ወጡት። ሦስቴ ወጡት። በሦስተኛው አብዱልሐሊም ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ፤ ኳኳታ የለም፤ ሞተሩ ከታች እስከ ላይ በአንድ ትንፋሽ ይዘፍናል። ቀጥሎ ዳር ቆመው ከጀሪካኑ የቀረውን አልኮል ገለበጡባት። ስክሪኑ ላይ የአልኮሉ መጠን ቀስ እያለ ወደ ሰማንያ ወጣ፤ ማንም ምንም ሳይነካው ነዳጁ ጨመረ፣ ተኩሱ ቀደመ፣ መኪናዋ ከቅድሙ ይልቅ ለሰለሰች።

«ይኼን ነበር የፈለገው» አለ አብዱልሐሊም። ሜሮን መነጽሯን አውልቃ በሸሚዟ ጫፍ ጠረገችና መልሳ አደረገችው።

ወልድያ ሲደርሱ በላይነሽ ድምፁን ሰምታ በር ላይ ወጥታ ነበር። መኪናዋን ከፊት እስከ ኋላ አየቻት።

«እንደምን ሰነበትክ፣ አብዱ» አለች። «ምን አጠጣችኋት? ሽታዋ ሌላ ነው።»

«አልኮል።»

«ባለቤቷ ሳይቀምስ የሞተውን?» አለችና ፈገግ አለች። እውነቷን ነው፤ አስፋው ሾፌር ነኝ እያለ መጠጥ በአፉ አይዞርም ነበር። አብዱልሐሊም ለሷም ያንን የድሮ ነገር ሊነግራት አፉን ሲከፍት፣ እሷ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ የመኪናዋን በር ከፍታለች።

«እሱ በነበረ ጊዜ አንድ ቀን አልተሳፈርኩባትም። እፈራ ነበር። የኋላውን ወንበር አትንኩት ያልኩት አንድ ቀን እወጣባታለሁ እያልኩ ነው። አንተ ወደ ኋላ ሂድልኝ፣ እኔ ከፊት ነኝ።»

አብዱልሐሊም ጉልበቱን አጣጥፎ ከኋላ ተሸጎጠ። ሜሮን ወደ መቻሬ ሜዳ ነዳች። በላይነሽ መጀመሪያ የበሩን እጀታ በሁለት እጇ ጨብጣ ነበር፤ ሜዳው ላይ ሲወጡ አንዱን እጇን ለቀቀች።

«እዚህ ጋ ስንት ነበር የሚነዳው?» አለች ወደ ፊት እያየች።

«መቶ ሃያ» አለ አብዱልሐሊም።

«እውነቱን ንገረኝ።»

«መቶ አርባ።»

በላይነሽ ወደ ፍጥነት መለኪያው አየች። «ለኔ ስድሳ ነው ይለኝ ነበር» አለችና ሁለተኛ እጇንም ለቀቀች። ከዚያ ወደ ልጇ ዞራ፣ መመለሻው ጋ ስትደርስ ወደ ቤት እንዳትታጠፍ፣ አንድ ዙር እንድትጨምርላት ነገረቻት።