አሥራ አራቱ ጎጆዎች

የሺሃረግ የካርቶን ሣጥኑን ተሸክማ ስትገባ ባሏ ሣህሌ እንደ ወትሮው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቶ ነበር። ጊዜው 1954 ዓ.ም.፣ ወሩ ጥቅምት ነው። ሣህሌ በአሰላ የታወቀ ግንበኛ ነበር። አምና የአንድ ነጋዴ መጋዘን ሲገነባ ከመወጣጫው ወድቆ ቀኝ እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ። አጥንቱ ገጠመ፤ ልቡ ግን እንደተሰበረ ቀረ። ምርኩዙን ይዞ ከደጃፍ አያልፍም፤ ጠያቂ ሲመጣ እንቅልፍ የወሰደው ይመስላል። ቤቱን የያዘችው እሷ ነበረች፤ ለአንድ የስዊድን ሐኪም ቤተሰብ ልብስ ታጥባለች፣ ትተኩሳለች።

ቤተሰቡ አገሩ ሊገባ ዕቃውን ሲሸክፍ ማዳሟ ሣጥኑን አንስታ ሰጠቻት። "ልጆቹ አደጉ፤ አይጫወቱም" አለቻት። ውስጡ ከጣት ጫፍ እምብዛም የማይበልጡ የፕላስቲክ ጡቦች ሞልተውበታል፤ ቀይ፣ ነጭ፣ ቢጫ፣ ጥቁር። በጀርባቸው ላይ ክብ ክብ ጉብታ አላቸው። አንዱን ባንዱ ላይ ሲጫኑት ጠቅ ብሎ ይያዛል።

የሺሃረግ ልጅ አልነበራትም፤ ጡቦቹን ለጎረቤት ልጆች ልታድል አስባ ነበር። ሣጥኑን መሬት ላይ ስታስቀምጠው ግን ሣህሌ ድምፁን ሰምቶ ዞረ። አንዷን ጡብ አንስቶ አገላበጣት። ሌላ አነሳና አጋጠማቸው፣ አላቀቃቸው፣ መልሶ አጋጠማቸው።

"ይህን ያበጀ ሰው ግንብ ያውቃል" አለ።

ከወደቀ ወዲህ ስለ ግንብ ሲያወራ ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነበር። ወጥ ልትሠራ ወጣች፤ ስትመለስ በጉልበቱ ላይ ማዕዘኑ የተስተካከለ ግድግዳ ቆሞ ነበር።

በመጀመሪያ የሠራው የሁሴኖን ወፍጮ ቤት ነው። ሁሴኖ ራሱ ሊያይ መጣ። የአምሳያውን ዙሪያ አየ፣ ጎንበስ ብሎ ኋላውን አየ፣ ሳቅ አለ። "የተሰነጠቀችውን ጥግ እንኳ አልማርካትም" አለ። እውነትም ሣህሌ በነጩ ግድግዳ ጥግ ላይ ስንጥቁን በጥቁር ጡቦች አሳይቶታል። ቀጥሎ መስጊዱን ሠራ፣ ቀጥሎ ስልክ ቤቱን፤ ቤተ ክርስቲያኑን ሲሠራ ደግሞ ባለ አራት ማዕዘን ጡቦችን እያንሸራተተ እንዴት እንዳከበባቸው ሰው ሁሉ ተደነቀ። የተሠራውን አፍርሶ ነበር ሌላውን የሚሠራው፤ ጡቡ ለሁሉም አይበቃምና። ስለዚህ ሰው እንዳያመልጠው ቶሎ ቶሎ ይመጣል። የመንግሥት ሠራተኞች ይመጣሉ፣ የገበያ ሴቶች ይመጣሉ፣ ጎረቤቷ አሰፋች ከሲሬ የመጣ እንግዳ ሳይቀር ይዛ ትገባለች። ሣህሌም ተቀምጦ ይቀበላቸው ጀመር። የሺሃረግ ባሏን መልሳ እንዳገኘችው ቆጠረችው።

በኅዳር ወር ነገሩ መልኩን ለወጠ።

አንድ ጠዋት ከሥራ በፊት ስታየው በአንድ ትልቅ ሳንቃ ላይ ሦስት ትናንሽ ክብ ጎጆዎች ሠርቷል፤ ጣሪያቸው ቢጫ፣ ግርጌያቸው ጥቁር። "የማን ቤት ነው?" አለችው።

"እንጃ" አለ ሣህሌ። "መጣልኝና ሠራሁ።"

በሳምንቱ ሰባት ሆኑ። ከዚያ አሥር። በአንድ በኩል ተሰብስበው በሌላ በኩል ተበትነዋል፤ መሐላቸው ላይ ባዶ ቦታ አለ። እዚያ ቦታ ላይ ጎጆ ሊጨምር ቢሞክር መልሶ ያነሳዋል። ብላም ስትለው ቆይ ይላል። ሊያይ የሚመጣውም ሰው አሁን እንደ በፊቱ አይስቅም፤ ለጥቂት ጊዜ ቆሞ ያያል፣ የማን መንደር እንደሆነ ይጠይቃል፣ ነጠላውን አስተካክሎ ይወጣል። አሰፋች ከበሩ ላይ ሆና አይታ "የሰው ትንፋሽ የራቀው ይመስላል" አለችና ከዚያ ወዲያ አልተመለሰችም።

ጎጆዎቹ አሥራ አራት ሲሆኑ ሣህሌ እጁን ሰበሰበ። በሣጥኑ ውስጥ አንዲት ጡብ አልቀረችም።

የሺሃረግ አቧራ ስታራግፍ ዳር ላይ ያለችው ትንሿ ጎጆ በር እንደሌላት አስተዋለች። ሌሎቹ ሁሉ በር አላቸው። እቺ ዙሪያዋን ድፍን ናት።

"እቺን ረሳሃት እንዴ?"

"አልረሳኋትም" አለ ሣህሌ፣ ሳያያት። "በር ልተውላት ሦስት ጊዜ አፈረስኳት። ሳላውቀው እደፍነዋለሁ።"

ጎጆዋን በሁለት እጇ አነሳቻት። ስታነሳት ውስጧ የሆነ ነገር ተንከባለለ። ቀስ ብላ አዘነበለቻት፤ ወዲያ ሄደ። መልሳ አዘነበለቻት፤ ወዲህ መጣ።

"ውስጧ ምን አስቀመጥክ?"

"ምንም" አለ። እሱም ሰምቶ ነበር፤ ፊቱ ላይ አየችው። ጎጆዋን ቦታዋ መልሳ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። አፍርሰው ልትለውም ፈለገች፤ ዓመት ሙሉ ግድግዳ ሲያይ የከረመ ሰው መሆኑ ትዝ አላትና ተወችው።

በሁለተኛው የገበያ ቀን ሁሴኖ አንድ ሽማግሌ ይዞ መጣ። ጅብሪል ይባላሉ፤ ከዴራ ቆዳ እያመጡ አሰላ የሚሸጡ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሰው ናቸው። ሁሴኖ ስለ ሣህሌ እጅ ሲያወራ ሰምተው ለማየት ብቻ ነበር የመጡት። ሰላምታ ሰጥተው፣ የሣህሌን እግር ጠይቀው፣ ወደ ሳንቃው ዞር አሉ።

ብዙ ጊዜ ቆሙ። ከዚያ ምርኩዛቸውን ለሁሴኖ ሰጥተው መሬት ላይ ተቀመጡ።

"ይህ የአባቴ ነው" አሉ አንደኛውን ጎጆ እየጠቆሙ። "ይህ የአጎቴ የገልገሎ። ይህ የሁለቱ ወንድማማቾች። ይህቺ የባልቴቷ፤ ድምፅዋ ወፍራም ነበር።" ጣታቸው ከጎጆ ወደ ጎጆ ሄደ። ባዶው ቦታ ላይ ሲደርሱ "እዚህ ምንጩ ነው፤ ቤት አይሠራበትም" አሉ። ቀና ብለው ሣህሌን አዩት። "መንደራችንን፣ ቡርቃ ጉራቻን፣ የት አወቅኸው፣ ልጄ?"

"አላውቀውም፣ አባባ። ስሙንም ዛሬ ከእርስዎ ሰማሁ።"

"አባትህስ?"

"አባቴ የከተማ ሰው ነበር። ከአሰላ በላይ ለእንጨት እንኳ ወጥቶ አያውቅም።"

ጅብሪል አሥራ ሦስቱን ጎጆዎች በየባለቤታቸው ስም ጠርተው ነበር። አሥራ አራተኛዋን አልጠሯትም። የሺሃረግ ይህን አየች፤ ሣህሌም አየ። ሁሴኖ ግን የወፍጮ ሰው ጠብቆት ስለነበር ተሰናብቶ ሄደ። ሽማግሌው ሦስቱ ብቻ ሲቀሩ ነው የተናገሩት።

"የኅዳር በሽታ የገባ ዓመት ነው" አሉ። "የሰማችሁ ትሆናላችሁ። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። በዘጠኝ ቀን መንደሩ አለቀ። ቀባሪ ጠፋ። የቀረነው ሰባት ሰዎች ነበርን። አባቴ ወደ ቆላ እንውረድ አለ። እህቴ ሀሊሜ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ትኩሳት ስለያዛት ዳር ባለችው ትንሿ ጎጆ ለብቻዋ ተኝታ ነበር። ይዘናት ከሄድን ሁላችንም እናልቃለን፣ ትተናት ከሄድን ጅብ ይበላታል አለ። ስለዚህ በሩን በድንጋይ ድፈነው አለኝ። ድንጋዩን ያመጣሁት እኔ ነኝ። የካብኩትም እኔ ነኝ።"

የሺሃረግ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ስንወጣ አልጮኸችም" አሉ ጅብሪል። "ስሜን አንድ ጊዜ ጠራች፤ እንዲያው ሰው ከጓዳ እንደሚጠራው። አባቴ በሦስተኛው ቀን መንገድ ላይ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ተመልሼ አልወጣሁም። ሚስቴ አርባ ዓመት አብራኝ ኖራ ይህን ሳትሰማ ሞተች።" ወደ ትንሿ ጎጆ ጠቆሙ። "ልጄ፣ ያቺን በር ክፈትልኝ።"

ሣህሌ ጎጆዋን አነሳ። አሁንም ውስጧ ተንከባለለ፤ ሦስቱም ሰሙት። በአውራ ጣቱ ጥፍር አንዷን ጡብ ፈልቅቆ አወጣ፣ ሁለተኛዋን አወጣ፣ በር የሚያህል ሲከፈት ወደ ብርሃኑ ዘንበል አደረጋት። ውስጧ ባዶ ነበር። የሺሃረግ ወስዳ ነቀነቀቻት። ምንም ድምፅ አልነበራትም። ሳንቃውን፣ ምንጣፉን፣ የጅብሪልን እግር ሥር ሁሉ ፈለገች፤ የወደቀ ነገር የለም።

"እንሂድ" አለ ሣህሌ።

"ወዴት?" አለችው።

"ወደ ቡርቃ ጉራቻ። አባባ መንገዱን ያውቃሉ።"

በማግስቱ ጠዋት በጭነት መኪና በበቆጂ መንገድ ሄደው አንድ የገብስ መንደር ላይ ወረዱ፤ በቅሎ ተከራይተው ሣህሌን አስቀመጡት። የሺሃረግ ከኋላ በእግሯ ተከተለች። ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። የጭላሎ ራስ በጉም ተሸፍኗል፤ የገብሱ ማሳ እያለቀ የአስታው ቁጥቋጦና የጓሳው ሣር ጀመረ። ጅብሪል ሳያመነቱ ነበር የሚመሩት፤ ዳገቱ ሲያደክማቸው እንኳ አልቆሙም።

ከመንደሩ የቀረ ነገር ቢኖር የጎጆዎቹ ግርጌ ነው። እንጨቱ በስብሶ ሄዷል፤ በድንጋይ የተካቡት ክብ ክብ ግርጌዎች ግን በሣሩ ውስጥ አሉ፤ ጥቁሩ ውኃ ከመሐላቸው ይመነጫል። ሣህሌ ከበቅሎው ላይ ሆኖ ሲያይ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። የሺሃረግ ምን እንደሚል ቀርባ ሰማች፤ እየቆጠረ ነው። ሳንቃው ላይ እንዳኖራቸው ናቸው።

ወደ ዳሯ ጎጆ ሲጠጉ ጅብሪል ወደ ኋላ ቀሩ። የሺሃረግ ቀድማቸው ደረሰች። የካቡት ድንጋይ በበሩ ላይ አልነበረም። የበሩ ቦታ ክፍት ነው፤ ውስጡ ሣር በቅሎበታል፤ አጥንት የለም፣ ጨርቅ የለም።

"ፈርሶ ይሆናል" አሉ ጅብሪል ከኋላዋ። "ከብት አፍርሶት ይሆናል።"

"ከብት አይደለም" አለች የሺሃረግ። "ይምጡ ይዩ።"

ከደጃፉ ፊት፣ ነፋስ በማይደርስበት ጥግ፣ ትናንሽ ድንጋዮች በክብ በክብ ተደርድረው ነበር። እያንዳንዱ ክብ ከእንጀራ ሰፌድ ያንሳል። ድንጋዮቹ ሽበት አብቅለው ከመሬቱ ጋር ተጣብቀዋል፤ ሰው ከነካቸው ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። በእያንዳንዱ ክብ ላይ የበር ክፍተት ተትቷል። አሥራ አራት ናቸው፤ መሐላቸው ላይ ባዶ ቦታ አለ፤ አቀማመጣቸው የመንደሩ ነው። ትልልቆቹ የበሩ ድንጋዮች ደግሞ ወደ ጎን ተነስተው፣ እንደ መቀመጫ ተደርድረው ነበር።

ጅብሪል ተንበረከኩ። እጃቸውን ዘርግተው ከአንዱም ድንጋይ ላይ ሳያሳርፉ መልሰው ሰበሰቡት።

"ተጫውታለች" አሉ። "ወጥታ ተጫውታለች።"

ሰው ማየቷ ገርሟት አንዲት በግ ጠባቂ ባልቴት ከማዶው ወርዳ መጣች። ስሟ ፋጡ ነው። ጅብሪል በኦሮምኛ አናገሯት፤ ከዚያ ለእነ የሺሃረግ ራሳቸው በአማርኛ መለሱት።

"ልጅ ሳለች ነው አለች። ከዚህ መንደር ጭስ ይወጣ ነበር፤ በየቀኑ። ሰዉ ሁሉ አልቋል ተብሎ ስለነበር የሙታን ጭስ ነው ብለው ማንም አልቀረበም። እኛ ስንወጣ በየቤቱ ገብስ ቀርቶ ነበር፤ የእኛም ላሞች ነበሩ።" ሴትዮዋን እንደገና ጠይቀው ቀጠሉ። "ክረምቱ ሲገባ ጭሱ ቆመ። በዚያው ሰሞን የፈረስ ነጋዴዎች ወደ በቆጂ ሲያልፉ አንዲት ልጅ ከኮርቻ ላይ አስቀምጠው ያየ ሰው አለ አለች።"

የሺሃረግ ያን ጊዜ አለቀሰች። ያስለቀሳት የልጅቷ መውጣት አልነበረም። ሰባት ወር ሙሉ ጭሷን እያየ ያልቀረበውን ሰው ሁሉ አሰበች፤ ልጅቷንም አሰበች፤ እያንዳንዱን ቤት ከነበሩ አስታውሳ በጠጠር ስትሠራ፣ ሰሚ ሳይኖራት ማን የት ይኖር እንደነበር ስትናገር። ሣህሌ ከበቅሎው ወረደ፤ ምርኩዙን ይዞ ከትንሹ መንደር አጠገብ ቆመና ብዙ አየው። ከዚያ ግንበኛ የግንበኛን ሥራ አይቶ ሲያበቃ እንደሚያደርገው ራሱን ነቀነቀ።

አንዱንም ድንጋይ ሳይነኩ ወረዱ። ጅብሪል አሰላ አልተመለሱም፤ መንገዱ ላይ ሲደርሱ ሌላ መኪና አስቁመው ወደ በቆጂ ሄዱ። ከመሳፈራቸው በፊት የሣህሌን ሁለት እጆች ይዘው መዳፉን አገላብጠው አዩት፤ የፈለጉትን እንዳላገኙበት ሁሉ መልሰው ለቀቁት።

ሣህሌ የፕላስቲኩን መንደር በዚያው ሳምንት አፈረሰው። የሺሃረግ ሣጥኑን ያዘችለት፣ እሱ እያላቀቀ ጣለበት። ከጥምቀት በኋላ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ መወጣጫ ላይ አይወጣም፣ ግን መሠረት ይጥላል፣ ሌሎቹን ያዛል። ጡቦቹን አልፎ አልፎ ያነሳቸዋል፤ የሚያውቀውን ቤት ብቻ ነው የሚሠራው። ሰው እንደገና እየመጣ ያደንቃል።

ሰኔ ላይ አንድ የእህል ነጋዴ ከበቆጂ መልእክት አመጣ። ጅብሪል የፈረስ ነጋዴዎቹን ዘሮች አግኝተዋል። ሀሊሜ የምትባል ልጅ በቤታቸው አድጋ ወደ ባሌ ተድራለች፤ ከጣሊያን ዘመን ወዲህ ወሬዋን የሰማ የለም። ሽማግሌው በቅሎ ገዝተው ወደዚያው ተሻግረዋል።

"በዚህ ክረምት?" አለች የሺሃረግ።

"እኔም ያልኩት ይህንኑ ነበር" አለ ነጋዴው። "ባትኖርም መቃብሯን ልይ፣ ብቻ ደጃፏ ልድረስ አሉኝ።"

የሺሃረግ ለመልእክተኛው ውኃ ሰጥታ ሸኘችው። ሣህሌ ማታ ከሥራ ሲገባ ነገረችው፤ ጭቃ የለበሰ ጫማውን እያወለቀ እስከ መጨረሻው ሰማት፣ ከዚያ ዝናቡ በባሌ በኩል እንዴት እንደሆነ ነጋዴውን ጠይቃው እንደሆነ ጠየቃት።